ሃምሳ አምስት ደቂቃ ብቻ

ሰኞ 4
69፣ 66፣ 71፣ 68።

ማስታወቂያው ዛሬ ተሰቀለ። የተርሚናሉን ግድግዳ ግማሽ ይዞታል። ጥርሷ የነጣ ሴት በአውሮፕላን መስኮት እያየች ትስቃለች፤ ከሥሯ በቀይ ቀለም «ከከተማ ከተማ በሃምሳ አምስት ደቂቃ ብቻ!» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ መሥሪያ ቤት የበረራ ደቂቃ ስመዘግብ እንደ እሷ የሚያስቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አምና አንድ ቀን ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ተገኘና ወደ ታችኛው ከተማ የሄደው በረራ በሃምሳ አምስት ደቂቃ ደረሰ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ! እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጬ ነገርኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሱ ያቺን ቁጥር በሆዱ ይዟት ከርሞ ዛሬ ግድግዳ ላይ አወጣት።

ነገሩ በማስታወቂያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ በምሞላው ቅጽ ላይ በረራው ሁሉ 55 ተብሎ ይጻፍ ብሎ አዘዘኝ። «ለማስታወቂያ ክፍሉ ነው እናቴ። እውነተኛውን በሌላ ቅጽ ይሙሉና ለእኔ ይስጡኝ» አለኝ። እናቴ ይለኛል። እሱን ለመውለድ በአሥራ አምስት ዓመቴ ማግባት ነበረብኝ።

ሁለት ቅጽ ሞላሁ። ሦስተኛው ይሄ ደብተር ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ «የመሥሪያ ቤት ወረቀት የመሥሪያ ቤት ነው፤ ለራስሽ የራስሽን ያዢ» ብለውኝ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቀኑን አራት በረራ፣ ሁለት መሄድ ሁለት መመለስ፣ በደቂቃ ከገጹ ራስጌ እጽፋለሁ። መንኮራኩሩ መሬት ከለቀቀበት እስከ ነካበት ድረስ ነው የምቆጥረው። ከዚያ በታች ባሰኘኝ ቀን ደስ ያለኝን እጽፋለሁ፤ ሌላ ቀን ቁጥሩ ብቻ ይበቃል። መቼም ማንም አያነበውም።

ረቡዕ 6
72፣ 67፣ 70፣ 69።

ጥድፊያ። ራዲዮኑ ሲንኮሻኮሽ ዋለ። የነፋሱ ወራት ገብቷል፤ ከእንግዲህ እየባሰ ነው የሚሄደው።

ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ለትኬት ሻጯ ሲነግራት ሰማሁ፦ «ተሳፋሪ ሰዓት አያይም፤ ማስታወቂያ ነው የሚያየው።»

ማታ አብራኝ ለምትኖረው እህቴ ነገርኳት። «ሰዓት እጁ ላይ የሚያስር ሰው አለቀ እንዴ?» አለች።

ሰኞ 11
68፣ 70፣ 73፣ 66።

ካፒቴኑ ዛሬ ሲያርፍ በድምፅ ማጉያው «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ የዛሬው ሃምሳ አምስት ደቂቃችን አንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ፈጅቷል» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ገሠጸው። ካፒቴኑ ሲወጣ በመስኮቴ ብቅ ብሎ «እመት ደቂቃ፣ እኛ ገና እየበረርን ነው፤ ማስታወቂያው ግን ቀድሞን ገብቷል» አለኝ። እመት ደቂቃ የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። አሁን በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ሳይቀሩ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

ከሰዓት በኋላ ማራገቢያዬ ቆመ። ክፍሌ ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ ያለ ማራገቢያ ሰው ይቀቀላል። የመብራት ሠራተኛ እስኪመጣ ሳምንት ስለሚፈጅ ሜካኒኩን አስጠራሁት። እሱ የአውሮፕላን ሜካኒክ ነው፤ ማራገቢያ ሥራው አይደለም፤ ግን አልተኮሳተረም። በሁለት ደቂቃ ሠርቶት ሄደ። ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲነካካ ይውላል፤ ጥፍሩ ውስጥ ግን የቅባት ጠብታ የለም። በምን እንደሚያጸዳው አላውቅም። እኔስ ለምን እንዳየሁት አላውቅም።

እህቴ ስትሰማ «ምነው ይሄ ማራገቢያ እሱ ተረኛ ሲሆን ብቻ ነው የሚታመመው?» አለች። ሥራ የፈታች ልብስ ሰፊ የሰው ነገር ትሰፋለች። ማራገቢያው አርጅቷል፣ ሌላ ምንም የለም።

ሐሙስ 14
71፣ 69፣ 68፣ 72።

አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያሳዩ ይጮሁ ነበር። «አሥራ ሰባት ደቂቃዬን መልሱልኝ!» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ገብቼ በቅጹ ላይ 55 ብዬ ጻፍኩ።

የሁለቱ ከተሞች ርቀት በካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለካ 318 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን ግን ማስመሪያ አይደለም። ተራራውን ይዞራል፣ ዳመናውን ይሸሻል፣ ለማረፍ ይሰለፋል፤ ስለዚህ 341 ይሆናል። በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ያውም ጎማ ካልፈነዳ። ማስታወቂያ የሚያሠራ ሰው ማስመሪያ ብቻ ነው ያለው።

ዓርብ 22
70፣ 71፣ 67፣ 70።

ማራገቢያው እንደገና ቆመና ሜካኒኩ መጣ። ወንበሬ ላይ ቆሞ እየፈታታ «ነፋሱ ዘንድሮ ደግ ሆነ መሰለኝ» አለ።

«እንዴት?» አልኩት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አምስት። እንዲህ ያለ ወቅት አይቼ አላውቅም። ሞተሩ ገና 501 ሰዓት ላይ ነው።»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። የእኔ ቅጽ ነው። የእኔ ጽሑፍ፣ የእኔ ፊርማ፣ ለማስታወቂያ ክፍል ነው የተባልኩት ቅጽ።

ለራሴ ቁጭ ብዬ በደንብ ላስረዳ። የሞተር ዕድሜ የሚቆጠረው በበረረበት ሰዓት ነው። ስድስት መቶ ሰዓት ሲሞላው ወርዶ፣ ተከፍቶ ይፈተሻል። ከዚያ ማለፍ አይፈቀድም። አውሮፕላኑ ላይ ያለው ቆጣሪ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል፤ ዕቃው ታዟል፣ ይመጣል ይባላል። ታችኛው ከተማ ሆኖ የሚመዘግበው ባልደረባዬ ከተሰናበተም ስድስት ወሩ ነው፤ አሁን የዚያኛውንም መነሻና ማረፊያ በራዲዮ የምሰማው እኔው ነኝ። ስለዚህ ሜካኒኩ ሞተሩን የሚቆጥረው በእኔ ቅጽ ነው። ሞተሩ ደህና ነው ብሎ በየማለዳው የሚፈርመው እኔን አምኖ ነው።

ወረቀቱን አይቼ መለስኩለት። እሱ ወንበሩን በመሐረቡ ጠርጎ «ሽቦው ነው የወለቀው፤ ሌላ ችግር የለውም» ብሎ ሄደ።

ለምን አልነገርኩትም? መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን ላነጋግረው ብዬ ነው። ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ቅጾቹ ተቀላቅለው ይሆናል። እንጂ ፈርቼ አይደለም።

ቅዳሜ 23
69፣ 68፣ 70፣ 71።

ፈርቼ ነው።

ሰኞ 25
66፣ 72፣ 69፣ 70።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ሰማያዊ ክራቫቱን አስሯል፤ ያቺ ክራቫት ስትታሰር ውሸት እንዳለ አውቃለሁ። ነገርኩት። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ውይ እናቴ! ጸሐፊዋ ናት ያቀላቀለችው። ዛሬውኑ እውነተኛውን ወደ ጋራዡ እልካለሁ» አለ። ፊት ለፊቴ እውነተኛውን ቅጽ ፖስታ ውስጥ ከተተ። ቀጥሎ ከወቅቱ በኋላ የክፍል ኃላፊ ሊያደርገኝ እንዳሰበ ነገረኝ።

ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ለእህቴ ስነግራት ቀና ሳትል መርፌዋን እየሰካች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። በሰማይ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይቺን ተረት ስትነግረኝ መቶኛ ጊዜዋ ነው።

ሐሙስ 28
73፣ 70፣ 71፣ 69።

ሁለት ቅጽ መሙላቱ ቀጥሏል። «እስከ ወቅቱ መጨረሻ ብቻ።» እሺ አልኩ። ዕቃ ክፍሉ ጋ ከሜካኒኩ ጋር ተላለፍን። ሰላም አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ደርሶታል ማለት ነው። እንደዚያ ማለት ነው።

ዓርብ 6
70፣ 68፣ 72፣ 69።

ማራገቢያው ሦስተኛ ጊዜ።

ሜካኒኩ ሽቦውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «ይሄ ሽቦ መውለቅ ይወዳል» አለ።

«ንዝረቱ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አለ።

ሻይ አቀረብኩለት፣ ጠጣ። እዚህ ከተቀጠረ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማራገቢያ ሌላ ነገር አወራን። የግራው ሞተር ሲነሳ ድምፁ ደስ እንዳላለው፣ ነገር ግን በሰዓቱ ገና ስለሆነ ክፈቱልኝ ለማለት ምክንያት እንዳላገኘ ነገረኝ። በሰዓቱ ገና ነው አለኝ! እዚህ ላይ መጠየቅ ነበረብኝ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው? አልጠየቅኩም። ኩባያውን ራሱ አጥቦ አስቀመጠ።

ሰውየው ኩባያ ያጥባል። ይህን መጻፍ ምን ይጠቅማል?

ቅዳሜ 14
71፣ 70፣ 67፣ 72።

ደብዳቤ ላደርስ ጋራዡ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ፦ «ግራ ሞተር፣ 571።»

ፖስታው ጋራዡ ጋ አልደረሰም። እውነተኛዎቹ ቅጾች የት እንደሚገቡ አሁን አውቃለሁ፤ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወረቀት መቆራረጫ መኪና አለው።

ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ሞተሩ ከወረደ አሥር ቀን እንቆማለን፤ ያለን አንድ አውሮፕላን ነው! ትምህርት ቤቶች ዕረፍት እስኪጨርሱ በሃምሳ አምስቷ እንገፋለን» ይላል። ለማን እንደሆነ አላውቅም። የሚያስቀው ድምፁ መረጋጋቱ ነው።

እሁድ 15
በረራ የለም።

ከእህቴ ጋር ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግተን ቀኑን ሙሉ ደመርን። እሷ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ሰሌዳ ላይ፣ እኔ በእስክሪብቶ። ስድስት ሳምንት፣ 144 በረራ። ከእያንዳንዱ ላይ 55 ቀንሰን የቀረውን ሰበሰብን። እሷ 2,031 አገኘች። እኔ 2,029። ደገምን። እሷ ናት ልክ።

ሠላሳ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ደቂቃ። ሰሌዳው ላይ ያለው 571 ሲደመርበት ወደ 605 ነው። ሞተሩ ስድስት መቶውን አልፎ እየበረረ ነው።

እህቴ ጠመኔውን ከእጇ አራገፈች። «እኔ ወገብ ላይ አምስት ሳንቲሜትር ሰርቄ ቀሚስ ብሰፋ፣ ደንበኛዬ ቆማ እስከታየች ድረስ ታምራለች። ስትቀመጥ ነው የሚተረተረው» አለች። ቀጥላ ጠየቀችኝ፦ «አርባ አራት ሰው ነው የሚይዘው አይደል?»

«አርባ አራት። ሠራተኞቹን ሳይጨምር።»

«እና ሰውየውስ?»

የትኛው ሰውዬ አልኳት። የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን፣ ደህና ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው ሲባል የሚገኘው ፊርማ የእሱ ነው። ግን ይህን የማደርገው ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ለሞተሩ ነው። ሜካኒኩ ሌላ ሰው ቢሆንም አደርገው ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔስ ነቅዟል፤ ሦስት ሳምንት አስቀምጬው ሸትቷል። ነገ ያበቃለታል።

ሰኞ 16
70፣ 73፣ 68፣ 71። ቅጹም ላይ 70፣ 73፣ 68፣ 71!

በማለዳ፣ የዕለቱን ፈርሞ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ፣ ጋራዡ ሄጄ ለሜካኒኩ ሁሉንም ነገርኩት። ደብተሩን አላሳየሁትም፤ ቁጥሩን ብቻ በወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት። አነበበ። ቁልፉን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

«መቼ አወቅሽ?»

አሥራ ሁለት ዓመት እርስዎ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው።

«በ22 ቀን» አልኩት። «ማራገቢያውን የሠራህልኝ ቀን።»

«ከዚያ በኋላ ሻይ አጠጣሽኝ።»

«አዎ።»

«ስለ ሞተሩ ድምፅ ነገርኩሽ።»

«አዎ።»

«እኔ በየማለዳው ፈርሜአለሁ» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰሌዳው ጋ ሄደና 571ን አጠፋ፤ በምትኩ 605 ጻፈ።

አለቀስኩ፣ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ክፍሌ ገባሁና ትክክለኛውን ደቂቃ በአንዱ ቅጽ ላይ ብቻ ሞላሁ። ሁለተኛውን ቅጽ ባዶውን ለሥራ አስኪያጁ ላክሁለት። ሥሩ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ እጄ ላይ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

ማክሰኞ 17
69፣ 71፣ 70፣ 72። በቅጹም ላይ እንዲሁ።

ሜካኒኩ ዛሬ አልፈርምም አለ። ሥራ አስኪያጁ «ማስረጃ?» ብሎ ጠየቀው። ሜካኒኩ የሰጠሁትን ወረቀት አሳየው። «ይሄ ትናንት የተጻፈ ቁጥር ነው። በፊርማ የተረጋገጠው ሰነድ 571 ይላል» አለው። የማን ፊርማ? የእኔ። የራሴን ፊርማ እንደ ጅራፍ አንስቶ መታን።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ከውጭ በኮንትራት የመጣ ሌላ ሜካኒክ ፈረመና አውሮፕላኑ ተነሳ። የእኛውን ዕረፍት ውጣ ብለውታል። ዕቃ ሳጥኑን ይዞ በተርሚናሉ በኩል ሲወጣ በማስታወቂያዋ ሴት ሥር አለፈ። ወደ እኔ መስኮት አላየም። ማየትም የለበትም።

ረቡዕ 18
ሁለቱን ብቻ አውቃለሁ፦ 70፣ 69።

ከመዝጋቢነት ተነስቼ ትኬት መስኮት ተመደብኩ። «ዓይንዎን ያሳርፉ እናቴ» አለኝ። በእኔ ቦታ የእህቱን ልጅ አስቀመጠ። ልጅቷ ምስኪን ናት፤ 55 ብለሽ ጻፊ ተብላ ትጽፋለች።

መዝጋቢነቴን ነው የወሰደው፤ ዓይኔንና ሰዓቴን አልወሰደም። ከትኬት መስኮቱ መንደርደሪያው ይታያል። የጠዋቱን መነሻና የመጨረሻውን ማረፊያ አያለሁ። ታችኛው ከተማ ያለውን ግን በምን አያለሁ? የጻፍኳቸውን ሁለቱን ከካፒቴኑ ነው የሰማሁት፤ መክሰስ ሲገዛ ጠየቅኩት፣ ሳያስበው ነገረኝ።

ተሳፋሪዎች ይጠይቁኛል፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ከአሥር።»

«ማስታወቂያው ሃምሳ አምስት ይል የለም?»

«እሱ ለሥዕሏ ሴት ነው» እላለሁ።

ሐሙስ 19
68፣ 72፣ 71፣ 70። አራቱንም!

ካፒቴኑ ገባው። ከጠዋቱ ምልልስ እንደተመለሰ መስኮቴ ላይ ተደግፎ፣ ሥራ አስኪያጁ እየሰማ፣ «እመት ደቂቃ፣ መቀመጫ 68 እና 72 አለሽ?» አለኝ። አውሮፕላኑ 44 መቀመጫ ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁ «ካፒቴን ሁልጊዜ ቀልድ» ብሎ አለፈ። ከሰዓት 71 እና 70 ጠየቀኝ። «ሞልቷል ካፒቴን» እላለሁ፤ በጠረጴዛው ሥር እጽፋለሁ።

ስወጣ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቆኝ ነበር። አሁን አልቀለደም። «እኔም ሃምሳ አምስት ብዬ ፈርሜአለሁ። ልጆች አሉኝ ብዬ ነው። ተሳፋሪዎቹም ልጆች አሏቸው» አለኝ። እኔም ያንኑ እንዳደረግኩ ነገርኩት።

ቅዳሜ 21
70፣ 71፣ 69፣ 73።

ሰሌዳው ላይ የኮንትራቱ ሜካኒክ 593 ጽፏል። የእኔ ወደ 633 ይላል። ካፒቴኑ ሰኞ የበረራ ደህንነት መርማሪ እንደምትመጣ ነገረኝ፤ ዓመታዊ ጉብኝት ነው። እህቴ የደግ ቀን ቀሚሴን ተኮሰችልኝ። ደግ ቀን ነው ወይ ብላት «አንቺ ግቢበት እንጂ» አለች።

ሰኞ 23
69፣ 70፣ 72፣ 70።

መርማሪዋ ገና ወጣት ናት፤ ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ድምፅዋ የለዘበ። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ አልተለየም፣ ሰማያዊ ክራቫቱን አስሮ። ምሳ ሲሆን መጸዳጃ ቤት ድረስ ተከትያት ገባሁ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው! እጇን ስትታጠብ ሁሉንም ነገርኳት።

ውሃውን ዘጋች። «ሰነዱ የሚለው ሌላ ነው። ፊርማውም የእርስዎ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እውነቱን የጻፍኩበት ደግሞ ሌላ አለኝ።»

«ከጊዜው በኋላ የተገለበጠ ከሆነ ቁጥር ብቻ ነው። በየቀኑ የተጻፈ፣ ገጹ ያልጎደለ፣ ያልተፋቀ ደብተር ካለ ግን አየዋለሁ።»

«አለ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ፤ ደብተሩ ውስጥ ሌላም ምን እንዳለ ያሰብኩት ቤት ስገባ ነው።

ማክሰኞ 24
71፣ 70፤ ከዚያ በኋላ የለም።

መርማሪዋን በቢሮ አገኘኋት። ደብተሩን ከነሽፋኑ አሳየኋት፤ ጥቂት ቀኖች ራስጌ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ አይታ ራዲዮ ክፍሉ ካለው የድምፅ መዝገብ ጋር አመሳከረች። ድምፁ የሚቆየው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ አምስቱም ቀን ገጠመ። ስልክ አነሳችና የከሰዓቱን በረራ አገደች። «ሙሉውን እስካነብ ድረስ አይነሳም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያስረክቡኝ» አለች።

«ማን ማን ያነበዋል?» አልኳት።

«እኔ። ሥራ አስኪያጁ ይከሰስበታልና ግልባጭ ይደርሰዋል። ሞተሩን ሲፈርም የነበረው ሜካኒካችሁም እያንዳንዱን ገጽ አይቶ ከግርጌው መፈረም አለበት።»

እያንዳንዱን ገጽ!

ቤት ገብቼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። የሰው ጥፍር። ኩባያ ማጠብ። ክራቫቱ። «ፈርቼ ነው»። እህቴ ከጀርባዬ ቆማ አብራኝ ስታነብ ኖራለች፤ ሥራ የፈታች ልብስ ሰፊ የሚለው ጋ ስትደርስ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ ትልቁን መቀስ አመጣች።

«ከገጹ ራስጌ ያለውን ቁጥር ትቼ ታች ያለውን ልቁረጥልሽ። ስፌት አይታይበትም» አለች።

መቀሱን ተቀበልኳት። ያዝኩት። ደቂቃ ሙሉ ያዝኩት፤ ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከአርባ አራት ሰው ላይ ደቂቃ ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም አልቆርጥም። ሥራ አስኪያጁ ስለ ክራቫቱ ያንብብ። ሁሉም ያንብበው። በሃምሳ አንድ ዓመቴ የሚያሳፍረኝ የጻፍኩት አይደለም፤ ለሦስት ሳምንት ያልተናገርኩት ነው።

ረቡዕ 25
0። አውሮፕላኑ ቆሟል።

ለመርማሪዋ፦

አንድ ሰዓት ላይ ነው የምጽፈው፤ ሦስት ሰዓት ላይ በእጅዎ ይሆናል። ገጹ አልጎደለም። አልተፋቀም። ከ4 እስከ ተከታዩ ወር 14 ድረስ 144 ጊዜ 55 ብዬ በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ታዝዤ ነው፣ ግን እጁ የእኔ ነው። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። ሜካኒኩ የፈረመው እኔን አምኖ ነው። ስለ ሞተሩ ድምፅ የተናገረውን በ6 ቀን ገጽ ላይ ያገኙታል፤ እባክዎ ያንን ከሁሉ አስቀድመው ያንብቡ።

የቁጥሮቹን ትክክለኛነት አረጋግጣለሁ። ሆኖም ደብተሩን ሙሉ ልክ ነው ብዬ ከመፈረሜ በፊት አንድ ማስተካከያ አለኝ። መዝጋቢ ስሕተቱን ሳያርም መዝገብ አያስረክብም። ይህን ገጽ ሜካኒኩም እንደሚፈርምበት አውቃለሁ።

በ11፣ በ22 እና በ6 ቀን ማራገቢያው ተበላሸ ብዬ ጽፌአለሁ። ትክክል አይደለም። ማራገቢያው ደህና ነበር። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።